ሰላም ሳይላት ያለፋት ሴት

ራጉኤል ወደ አሰፋሽ አጎት ቤት ሽማግሌ የሚልክበት እሑድ እየተቃረበ ነበር። እስከዚያ ድረስ ግን ሁለቱ በሰው ፊት እንደ ማንኛውም የአገር ልጅ ነበር የሚተያዩት። ይህን የፈለገችው አሰፋሽ ናት። አግብታ የፈታች፣ ልጅ የያዘች ሴት፣ ገና ሳትጠየቅ ከወንድ ጋር ስትታይ ምን እንደሚባል ታውቃለች። ወሬው እሷን ብቻ ቢነካ ግድ አልነበራትም። ልጇ ጸዮን ግን ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ራጉኤልን ደግሞ ወዳዋለች። ነገሩ ቢበላሽ ከእኔ ይልቅ የምትጎዳው ልጄ ናት እያለች ትፈራ ነበር።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር ወደተደገሰው የክርስትና ግብዣ ለየብቻቸው መጡ። ግብዣው ከአንድ የመኖሪያ ፎቅ ሥር ባለ የግብዣ አዳራሽ፣ ፓርቲ ሩም በሚሉት ውስጥ ነበር። ራጉኤል ኢቶቢኮ ከሚሠራበት መጋዘን ሺፍቱን ጨርሶ፣ ሸሚዙን መኪና ውስጥ ቀይሮ ዘግይቶ ደረሰ። ሰላምታ ያውቅበታል። ለትልልቆቹ ጎንበስ ይላል፣ ከእኩዮቹ ጋር ትከሻ ይገጥማል፣ የማያውቃቸውን እንኳ ስማቸውን ጠይቆ ይስማል። አሰፋሽ ጋ ሲደርስ እንደ ሌላው ሁሉ ጉንጯን ሳማትና፣

«እንዴት ነሽ? ልጅሽስ ደኅና ናት?» አላት።

ጠዋት በስልክ «ነጩን ቀሚስሽን ልበሺልኝ» ያላት እሱ አይመስልም። አሰፋሽ ሳቋን በሶፍት ሸፈነችው። ይህ ድብብቆሽ ደስ ይላታል። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የእሷ ብቻ የሆነ ነገር እንዳለ ይሰማታል።

ከዚያ ራጉኤል በመስኮቱ በኩል ወዳለው ጠረጴዛ ሄደ። እዚያ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። በመሃላቸው መነጽር ያደረገች፣ ነጠላዋን አሳምራ የለበሰች አንዲት ቆንጆ ሴት አለች። ራጉኤል የመጀመሪያዋን ሳማት። ባለ መነጽሯ ከወንበሯ ከፍ ልትል አለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አሰፋሽ ያን አስተያየት አየችው። አጭር ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ግን እንደዚያ አይተያዩም። ራጉኤል ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለና ሴትዮዋን አልፎ ከወዲያ በኩል ያለችውን ሳማት። ባለ መነጽሯ መልሳ ተቀመጠችና ባዶ ብርጭቆዋን አነሳች።

«አየሽ?» አለቻት አሰፋሽን ከጎኗ ተቀምጣ የነበረችው አዲስአለም። አዲስአለምና አሰፋሽ ስካርቦሮ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አብረው ልብስ ያጥባሉ። የአሰፋሽንና የራጉኤልን ነገር የምታውቀው ከቤተሰብ ውጪ እሷ ብቻ ናት።

«ምኑን?»

«አንቺ ደግሞ። የማያውቃቸውን ሁሉ ስሞ እሷን ዘለላት። ሰው ክርስትና ላይ በሁለት ነገር ነው ሰላም የማይባለው። አንድም ተጣልቶ ነው፣ አንድም…»

«አንድም ምን?»

«ተነሽ ተነሽ፣ ክትፎው እያለቀ ነው።»

አሰፋሽ ተነሥታ ሰልፍ ያዘች፤ ምግብ አነሳች። ምን እንዳነሳች ግን አላወቀችም። ባለ መነጽሯ ስትቀመጥ ከንፈሯ ላይ ያየችው ትንሽ ፈገግታ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። የተናቀች ሴት ፊት አልነበረም። ውለታ የተዋለላት ሴት ፊት ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር ይበላት ጀመር።

*

ግብዣው ሲያልቅ ራጉኤል አሰፋሽንና ከልጆቹ ጋር ስትጫወት የዋለችውን ጸዮንን እንደ ልማዳቸው ከፎቁ ራቅ ብሎ ከሚገኘው የባስ ማቆሚያ መኪናው ውስጥ አስገባቸው። ጸዮን ከኋላ ሆና ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ ሰካች። አሰፋሽ ከፊት ተቀምጣ መሪ የያዘውን የራጉኤልን እጅ ታያለች። ጣቶቹ ረጃጅም የሆኑ፣ የተረጋጋ እጅ ነው።

ያ እጅ በመጀመሪያ የታያት ዳንፎርዝ ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። እሷ ከጎልማሶች ትምህርት የተሰጣትን የቤት ሥራ ልትሠራ ትመጣለች። እሱ ወፍራም የሥነ ልቦና መጽሐፍ ዘርግቶ በእርሳስ ያሰምራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ዲግሪው ብቻውን የምክር ሥነ ልቦና ባለሙያ አያደርገውም። ዳግመኛ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አቅም ስላልነበረው በራሱ መንገድ ሊያሟላ ተነሣ። የሚቆጣጠረውን ባለሙያ ራሱ ለምኖ አገኘ። የሚለማመድበትን የምክር ማዕከል ራሱ በር አንኳክቶ አገኘ። አብሮት የሚማር ጓደኛ የለውም፣ «ተኛህ ወይ» ብሎ የሚቀሰቅሰው መምህር የለውም። ሁሉን ጨርሶ ፈታኞች ፊት እስኪቀርብ ድረስ ያለው ጓደኛ አሰፋሽ ብቻ ናት። አንድ ጠረጴዛ ተጋርተው እሷ ፊደል ስትለቅም እሱ ይጽፋል። ፍቅራቸው የመጣው ከዚያ ነው።

ቅናቷም የመጣው ከዚያ ነው። ሥልጠናው ሰልጣኙ ራሱ ሌላ አማካሪ ጋ ተቀምጦ የሕይወቱን ጣጣ እንዲያወራ ያስገድዳል። ይህን በሰማች ቀን ምሳ አልበላችም።

«ስለ እናትህ ሞት ለእኔ አንድ ቀን አውርተኸኝ አታውቅም» ብላው ነበር። «ለማያውቅህ ፈረንጅ ግን በየሳምንቱ ታወራለህ።»

«ሰው ከመስማቴ በፊት የራሴን ጉድ ማወቅ አለብኝ፣ አሰፉ።»

«ጉድህን እኔ አውቅልሃለሁ።»

ያኔ ስቀው ነበር። አሁን ግን መኪናው ውስጥ የሚስቅ አልነበረም።

«ያቺ መነጽር ያደረገችው ማን ናት?» አለችው።

«የቷ?»

«የቷ አትበለኝ። ሰላም ያላልካት።»

ራጉኤል መንገዱን እያየ፣ «ስለ ሰው አትጠይቂኝ» አላት።

«ስለ ሰው አይደለም የጠየቅኩህ፤ ስለ ሴት ነው።»

«መልስ የለኝም፣ አሰፉ።»

«አላውቃትም በለኝ። በቃ አላውቃትም በለኝና እምንሃለሁ።»

ራጉኤል አፉን ከፈተ። አሰፋሽ ጠበቀችው። አፉን መልሶ ዘጋው። የቆሙበት የትራፊክ መብራት አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ።

ቢዋሻት ይሻላት ነበር። የሚዋሽ ሰው ቢያንስ ፈርቷት ነው። ዝም የሚል ሰው ግን ሌላ የሚጠብቀው ሰው አለው። አሰፋሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልጇ እንዳታያት ብላ እንባዋን በሶፍት አደረቀችው።

*

ሰኞ አዲስአለም የአልጋ ልብስ ማሽን ውስጥ እየከተተች ወሬውን ይዛ መጣች።

«ስሟ እሌኒ ነው። ባንክ ነው የምትሠራው፤ ገንዘብ ቆጣሪ እንዳይመስልሽ፣ የራሷ ቢሮ ያላት ናት። ባሏ ለሥራ አልበርታ ሄዶ እዚያው ነው። ግራና ቀኝ የተቀመጡት የባሏ እህቶች ናቸው።»

«ማን ጠይቂልኝ አለሽ?»

«ፊትሽ ነዋ። ከቅዳሜ ጀምሮ ፊትሽ እኮ ይጮኻል።»

«እሱ ከትዳር ጋር የሚጫወት ሰው አይደለም።»

«እኔ ምን አልኩ? አልበርታ ሩቅ ነው ነው ያልኩት።»

አሰፋሽ እጇን አየች። በረኪና የሰነጠቃቸው ጣቶቿ ቀልተዋል። የባንክ ቢሮ ያላት ሴት እጅ እንዴት እንደሚሆን አሰበች። የራጉኤልን መጽሐፍ አንስታ ምን እንደሚል ልትጠይቀው የምትችል ሴት፤ እሱም ቃላቱን ሳያቀልላት የሚመልስላት። ዕድሜዋን ሙሉ ስላልተማረችው ትምህርት እንደዚያን ቀን ተቆጭታ አታውቅም።

አሰፋሽና ራጉኤል በአንድ ከተማ እየኖሩ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። የጎልማሶች ትምህርት መምህርቷ «መልስ ለሚጽፍላችሁ ሰው ጻፉ» ካለቻቸው ወዲህ አሰፋሽ ለራጉኤል ትጽፋለች፤ እሱም ቴምብር ለጥፎ በፖስታ ይመልስላታል፤ የፖስታ ሣጥን ከፍታ ስሟን ስታገኝ ደስ እንደሚላት ያውቃል። ሌላ ጊዜ ስትጽፍ ጸዮንን «ይሄ ልክ ነው?» እያለች ነበር። ያን ቀን ማንንም አልጠየቀችም።

«ራጉ፣ ይሄን ደብዳቤ ማንም አላረመልኝም። ስህተት ካለው ከነስህተቱ አንብበው። እኔ ብዙ ነገር አልፈልግም። ያልተማርኩ ነኝ፣ ልጅ አለኝ፣ ይሄን ስትመጣ ታውቃለህ። እኔ የማላውቀው አንተ ስትመጣ ማንን ትተህ እንደመጣህ ነው። ልጄ ስምህን ስትጠራ ድምጿ ይለወጣል። ያን ድምፅ ማንም እንዲሰብርብኝ አልፈልግም። ወይ ያቺ ሴት ምንህ እንደሆነች ንገረኝ፣ ወይ እሑድ ሽማግሌ አትላክ። አሰፋሽ።»

ደብዳቤውን ለፖስታ ሳትሰጥ ያንኑ ማታ በራጉኤል በር ሥር አስገባችው፤ መልሱም ረቡዕ እንደዚያው በበሯ ሥር መጣ። ሁልጊዜ ገጽ ሙሉ የሚጽፍ ሰው ጥቂት መስመር ብቻ ነበር የጻፈው።

«አሰፉዬ፣ ደብዳቤሽ አንድም የሚታረም ነገር የለውም። ማንንም ትቼ አልመጣሁም። ከዚህ በላይ አንድ ቃል ብጨምር የጨመርኩት ቃል የእኔ አይሆንም፤ የእኔ ያልሆነውን ደግሞ ለአንቺም መስጠት አልችልም። ይሄ ስለማልወድሽ አይደለም። ሽማግሌዎቹን ግን አላስቀርም። እምቢ የምትይኝ ከሆነ በአጎትሽ አፍ ልስማው። ራጉኤል።»

ደጋግማ አነበበችው። ፊደሉን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ሰውየውን ግን ከፊደሉ መሃል ልታገኘው አልቻለችም። ደብዳቤውን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። ወዲያው ደግሞ እንደዚያ ስላደረገች በራሷ ተናደደች።

*

ሐሙስ ከሰዓት ራጉኤል የምክር ልምምዱን የሚያደርግበት ቀን ነው። አሰፋሽ ሥራ ቦታ «አሞኛል» ብላ ወጣች። ውሸትም አልነበረም። ከቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ በሰብዌይ ባቡር ወደ ምዕራብ ሄደች። ምን እንደምታገኝ አላወቀችም፤ ምናልባት ከማዕከሉ በር ላይ ሆኖ እሌኒን ሲጠብቃት፣ ምናልባት አብረው ሲወጡ። ልያዘውና ይለይልኝ ብላ ነው የሄደችው። እሱ የሚያማክራቸው ሰዎች ሁሉ ፈረንጆች እንደሆኑ ነበር የምታስበው። የእኛ ሰው ጭንቀቱን ለንስሐ አባቱ ወይም ለእህቱ ይናገራል እንጂ ቀጠሮ ይዞ ለአማካሪ ይናገራል የሚል ሐሳብ በጭራሽ አልመጣባትም።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ቀጠሮ እንዳላት ጠየቀቻት። «ሰው እጠብቃለሁ» አለችና ጥግ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅና ኮፍያ ያጠለቀ ጎረምሳ ተቀምጠዋል። አንዱ ሌላውን አያይም። ሁሉም ወለሉን ነው የሚያየው። ከአንደኛው በር ሥር የተቀመጠች ትንሽ ማሽን እንደ ዝናብ ትንሿሿለች። የውስጡ ንግግር ወደ ውጭ እንዳይሰማ የተደረገ መሆኑ ገባት። አሰፋሽ ጆሮዋን ወደዚያ አቀናች። የሚሰማት ዝናቡ ብቻ ነው። የራጉኤል ድምፅ ከዚያ ዝናብ ጀርባ ለሌላ ሰው እየተናገረ መሆኑን ስታስብ በሩን ገፍታ ልትገባ ቃጣት።

በሩ ራሱ ተከፈተ።

የወጣችው እሌኒ ነበረች። መነጽሯን በእጇ ይዛለች። ዓይኗ አብጧል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል፣ በሌላው እጇ የተጨማደደ ሶፍት ጨብጣለች። ከውሽማ ጋር የቆየች ሴት እንደዚህ ሆና አትወጣም። ከኋላዋ ራጉኤል በሩን ይዞ ቆሟል። አሰፋሽን አያት። ፊቱ ደረቀ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ፤ ልክ ቅዳሜ እሌኒን እንዳለፋት እሷንም አለፋት፤ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።

አሰፋሽ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር። እኔን? ቀጥሎ የእሌኒን ፊት አየች። እሌኒ የሐበሻ ፊት አይታ ደንግጣ ቆማለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ኮቷን ሳትቆልፍ ወደ ደረጃው ሮጠች ማለት ይቻላል።

አሰፋሽ ተከተለቻት። ለምን እንደተከተለቻት አታውቅም። ደረጃው ላይ ደረሰችባት።

«የኔ እህት» አለቻት።

እሌኒ መከታውን ይዛ ዞረች። «አየሽኝ።»

«አየሁሽ።»

«ክርስትናው ላይ ነበርሽ። በመስኮቱ ትይዩ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሰሽ።» ዓይኗን ወደ በሩ ወረወረች። «እባክሽ፣ እዚህ እንደምመጣ ለማንም እንዳትናገሪ። የባሌ እህቶች ከሰሙ አብዳለች ነው የሚሉት። ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ ሰላም ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሰውዬ ከየት ታውቂዋለሽ እያሉ ያንን ሁሉ ሰዓት ይመረምሩኝ ነበር። እንዳላየ ሲያልፈኝ እግዜር ይስጥህ አልኩ። እሱ ሕጋቸው ነው፤ የሚመጣ ሰው መንገድ ላይ ቢገኝ እንኳ ራሱ ካልጀመረ ሰላም አይሉም። አሁን ደግሞ አንቺ…» አቋረጠችና አሰፋሽን ትኩር ብላ አየቻት። «አንቺም ለምክር ነው የመጣሽው?»

አሰፋሽ ምላሷ ላይ ሌላ መልስ ነበር። እሱ የእኔ ነው። እሑድ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው። ይህን ማለት ፈለገች፤ እንደ ተጠማ ሰው ፈለገችው። ቆንጆ፣ የተማረች፣ የራሷ ቢሮ ያላት ሴት ፊት ቆማ አንድ ጊዜ እንኳ የበላይ መሆን ፈለገች። ነገር ግን ይህን ብትላት እሌኒ ዳግመኛ ያን ደረጃ እንደማትወጣ አወቀች። የአማካሪዋ እጮኛ እንዳየቻት እያወቀች እንዴት ትመጣለች? መነጽሯን በእጇ ይዛ፣ ዓይኗ አብጦ ወዴት ትሄዳለች?

«አዎ» አለች አሰፋሽ። «እኔም።»

እሌኒ እፎይ አለች። የአሰፋሽን ሻካራ እጅ በሁለት እጇ ያዘችው።

«እንግዲያው አንድ ነን» አለች። «ታያለሽ፣ ይቀልሻል። እኔ ሰው እንደሱ ሲያዳምጥ አይቼ አላውቅም። ሳወራ ዓይኑ ከእኔ አይነሣም። የዛሬ ወር ያልኩትን እንኳ አይረሳውም።»

አሰፋሽ ራሷን ነቀነቀች። እሌኒ መነጽሯን አድርጋ፣ ኮቷን ቆልፋ ወረደች። ሰው መስላ፣ የባንክ ሠራተኛ መስላ ወጣች።

አሰፋሽ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ዓይኑ ከእኔ አይነሣም። ባለፈው ሳምንት ስለ ጸዮን ጥርስ እያወራችው ራጉኤል ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ድካሙን ለእኔ፣ ዓይኑን ለእሷ። ያቺ ሴት ምንም አልሰረቀቻትም፤ ንጹሕ ናት። አሰፋሽ ግን ውሽማ ብትሆን ኖሮ ከምትቀናው የበለጠ ቀናች። በንጹሕ ሴት ላይ ምን ተብሎ ይጮኻል?

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአሰፋሽ አጎት ጋሼ ጥሩነህ ስካርቦሮ ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ክራቫታቸውን እያጠበቁ ጠበቋት። ሽማግሌዎቹ ከሰዓት ይመጣሉ። አዲስአለም ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗን ከአሰፋሽ ታሸሻለች። አሰፋሽ ወሬው መድረሱን ወዲያው አወቀች።

«ቁጭ በይ» አሏት ጋሼ ጥሩነህ። «ይሄ ልጅ ሴት አለችው ይባላል።»

«ማን አለዎት፣ ጋሼ?»

«ማን አለ አይባልም። እውነት ነው ወይስ አይደለም?»

«ለአንቺው ብዬ ነው» አለች አዲስአለም። «በኋላ አልነገርሽኝም እንዳትይኝ።»

«አጣርተሻል?» አሏት ጋሼ ጥሩነህ አሰፋሽን።

«አጣርቻለሁ።»

«እና ምን አገኘሽ?»

አሰፋሽ ጉልበቷ ላይ ያለውን የነጠላ ጥለት ጨበጠች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ራጉኤል ነጻ ይወጣል። አጎቷ ይስቃሉ፣ አዲስአለም ይቅርታ ትጠይቃለች። ወሬው ግን ነገ በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ከነገ ወዲያ በእሌኒ ባል እህቶች ቤት ነው። ዝም ካለች ደግሞ ተታልላ የሄደች ሞኝ ሴት ትባላለች። ይህ ስም ከሰርጉ በኋላም አብሯት ይኖራል።

«እሱን አልነግርዎትም» አለች።

«ለእኔ?»

«ለእርስዎም፣ ጋሼ። አባቴ ቢኖር ለእሱም አልነግረውም። እርስዎ የሚጠይቁኝ ሰውየውን ትፈልጊዋለሽ ወይ ከሆነ፣ እፈልገዋለሁ። ነገ የተታለለች ናት ከተባልኩ እኔ ልባል።»

አዲስአለም ጉንጯን ያዘች። «በቃ፣ ሸፈነችለት። ጭራሽ ሸፈነችለት።»

«አንቺ ዝም በይ» አሉ ጋሼ ጥሩነህ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቃሉ ቁጡ አልነበረም። ወደ አሰፋሽ ዞሩ። «ልጅ አለሽ። ይሄን አስበሻል?»

«ከእሷ ሌላ የማስበው የለም። እሷን የምሰጠው ለሚታመን ሰው ነው። ያጣራሁት እሱን ነው።»

ደወሉ ተደወለ። ሽማግሌዎቹ ደረሱ። አሰፋሽ በወጉ መሠረት ወደ ውስጥ ክፍል ገባች። ጸዮን አልጋው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር።

«ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ? እምቢ ሊሉ ነው?»

«አላውቅም፣ የኔ ልጅ።»

«ራጉ ሒ ኢዝ ናይስ። ልሂድና ልንገራቸው?»

አሰፋሽ ልጇን አቀፈቻት። በግድግዳው በኩል የወንዶች ድምፅ ይመጣል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። አንድ ቃል አይለይም።  ያን ሁሉ ቅናት ተሸክማ፣ ያን ሁሉ ውርደት ተቀብላ፣ አሁን እምቢ ቢባልስ? ያኔ ለማን ትናገራለች?

ከዚያ የጋሼ ጥሩነህ ሳቅ ተሰማ።

«ሌላ ጊዜ ኑ አልላችሁም» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰማች። «እዚህ ሰፈር ሁለት ጊዜ ፓርኪንግ አይገኝም። ልጅቱ ፈቅዳለች፤ እኔም ፈቅጃለሁ።»

ጸዮን ጮኸች። አሰፋሽ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ደስታው የመጣላት ዘግይቶ ነው፤ እሱም ከእንባ ጋር ተደባልቆ።

*

ሙሽራ ሽማግሌ ሲልክ አብሮ አይመጣም። ራጉኤል ግን ቤት መቀመጥ አቅቶት ከአጎቷ ቤት ጀርባ ባለው የሱቆች መኪና ማቆሚያ ላይ ሆኖ፣ የመኪናውን ማሞቂያ ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ አሰፋሽ ጃኬቷን ደርባ ወረደች። በሩን ከፍታ ጎኑ ተቀመጠች። ከሐሙስ ወዲህ ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እውነት እሺ ብለዋል?»

«እሺ አሉ።»

ራጉኤል ግንባሩን መሪው ላይ ደገፈ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችው። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ መለየት አልቻለችም። ቀና ሲል ዓይኑ ረጥቧል።

«ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ደውለውልኝ ነበር። ጋሼ ጥሩነህ ስለ አንዲት ሴት ጠይቀውሽ እንደነበር ነገሩኝ» አለ። «ምን ብለሽ መለስሽላቸው?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አላልኳቸውም፣ ራጉ።»

አያት።  ሁሉን እንደተረዳ ከፊቱ አነበበች፤ ደረጃው ላይ የሆነውን ባያውቅም ዝምታዋን አውቆታል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሊያመሰግናት ነበር። ግን ማመስገን ራሱ መናገር ነው፤ ለማን ብሎ፣ ስለ ማን ብሎ ያመሰግናል? ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። እጇን አንሥቶ የተሰነጠቁትን ጣቶቿን አንድ በአንድ ሳማቸው፤ ዓይኑን ግን ከዓይኗ ላይ አላነሣም።

አሰፋሽ ያን አስተያየት ለራሷ ብቻ ልትወስደው ፈለገች። አልቻለችም። ሐሙስም ከዚያ ዝናብ ጀርባ ይህ ዓይን እንደዚሁ ተከፍቶ ሌላ ሴት ያዳምጥ ነበር፤ የሚመጣው ሐሙስም ያዳምጣል። ምን ትነግርሃለች? ከእኔ የሚበልጥ ምን አላት? ጥያቄው አፏ ድረስ መጣ። እሱ መልስ እንደማይሰጣት ታውቃለች፤ ቢሰጣት ደግሞ እንደማትወደው አወቀች። ዋጠችው። እንደ ትኩስ ነገር እያቃጠላት ወረደ።

«ርቦሃል?» አለችው።

«በጣም።»

«ና ግባ። ጸዮን በመስኮት እያየችን ነው።»

አብረው ከመኪናው ወጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ጎን ለጎን ተራመዱ። አሰፋሽ ደስ ብሏታል፤ ቀንታለችም። ሁለቱም አንድ ደረት ውስጥ ነበሩ። ስለ ቅናቷ ለአዲስአለም ልትነግራት አትችልም፣ ለአጎቷ አትችልም፣ ለእሱም አትችልም። የማይነገር ነገር ተሸክሞ በሰው መሃል መሄድ እንዲህ ብቸኛ እንደሚያደርግ ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር። ራጉኤል ይህን ብቸኝነት በየሳምንቱ ተሸክሞ ወደ ጠረጴዛቸው ይመጣ እንደነበር ያኔ ገባት። ክንዷን በክንዱ ውስጥ አስገባች። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ያህል ቀርባው አታውቅም።